ይቅርታ የሌለባቸው ሦስት ፊልሞች

«ኧረ በፈጠራችሁ!» አለች ተርጓሚዋ፣ ሄድፎኑን ከጆሮዋ ነጥቃ ጠረጴዛው ላይ እየወረወረች። «ከሦስት ፊልም አንዱን መምረጥ ይህን ያህል ያስቸግራል?»

ያስቸግራል እንጂ! እነዚህን ሁለት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ዘግቶ «ተስማምታችሁ ምረጡ» ያለ ሰው፣ ጥፋቱ የራሱ ነው። ስቱዲዮው የውጭ ፊልም በራሳችን ቋንቋ እያናገረ ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች የሚሸጥ ነው። አንዱ ጣቢያ ለእሁድ ከሰዓት በኋላ ያለጥፋቱ የተፈረደበት ሰው ታሪክ ፈልጎ፣ ሦስት የወንጀል ፊልሞች ልኮ፣ «አወዳድራችሁ የሚሻለውን ሥሩልኝ» አለ። ይኸው ጠዋት የተጀመረው ማወዳደር ማታ በር ላይ ይቀጥላል፤ ጠዋት ደግሞ እንደገና ከሀ ይጀመራል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ!

ከመስታወቱ ወዲያ፣ የድምፅ ማቀነባበሪያው ፊት የተቀመጠው ባለሙያ መቀስ ይባላል። ትንፋሽ ሳይቀር እየቆረጠ ስለሚጥል ነው ስሙ የወጣለት። መቀስ የስቱዲዮው ባለቤት የእትዬ አንድያ ልጅ ነው። ተርጓሚዋ ደግሞ ሥራ ሲኖር የምትጠራ፣ ሥራ ሲጠፋ የምትረሳ ሠራተኛ ናት። ሁለቱ መዋደዳቸውን የስቱዲዮው ግድግዳ ሳይቀር ያውቃል፤ እትዬ ብቻ አላወቅሁም ብለው ይኖራሉ።

«እኔ አሁንም የመጀመሪያውን ነው የምለው» አለ መቀስ። «ጠበቃው ለክርክር ሲነሳ ተመልካቹ አብሮት ከወንበሩ ይነሳል።»

«ጠበቃው! ጠበቃው! ያ ምስኪን የታሰረው እኮ ለጠበቃው ማድመቂያ ነው። ፊልሙ እስኪያልቅ እስረኛው የሚናገረው እፍኝ አይሞላም። እኔ ነኝ የተረጎምኩት፣ ለኔ ነው የምትነግረኝ?»

«እሺ፣ ሁለተኛው ይሁን። ጋዜጠኛዋ እውነተኛውን ገዳይ ስታሳድድ...»

«መኪና ስታሳድድ በል! እስረኛውማ ተረስቷል። መጨረሻ ላይ የብረት በር ይከፈታል፣ ፀሐይ ዓይኑን ይወጋዋል፣ ሙዚቃ፣ አለቀ። ኤዲያ! ሰውየው ከዚያ በኋላ የት ይሄዳል? በየትኛው ታክሲ ነው ቤቱ የሚገባው? ማን በር ይከፍትለታል?»

መቀስ ሳቀ። ሳቁ ደግሞ የባሰ አናደዳት። «ታዲያ ክብርት ዳኛ፣ አንቺው ፍረጂልን» አላት። ክብርት ዳኛ የሚላት ፍርዷ ፈጣን ስለሆነ ነው፤ ተዋናዩ ገና አፉን ሳይከፍት «ይሄ አይሆንም» ትላለች።

«ሦስተኛው ነው። እዚያ ሰውየው ፊልሙ ገና ሳይጋመስ ይፈታል። የቀረው ታሪክ ቤቱ ነው፤ ልጁ ናት።»

«ሦስተኛው እኮ ዝምታ ብቻ ነው! ቤቱ ገብቶ፣ ልጁ ፊት ተቀምጦ፣ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ዝም። እማዬ ይሄን ስታይ ምን እንደምትል ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። የእትዬ ሕግ አንድ ነው፦ ተመልካች ዝምታ ከሰማ ጣቢያ ይቀይራል። ስለዚህ ፊልም ውስጥ ሰው ዝም ባለ ቁጥር አንድ ነገር ይጨመርበታል። ጀርባውን የሰጠ ተዋናይ ይናገራል፤ በመስኮት የምታይ ሴት በልቧ ታስባለች፤ ፈረስ ላይ ያለ ሰው ለፈረሱ ያወራል። «ዝምታው ረዘመ፣ ሙሉት!» ይላሉ እትዬ፣ በሩን ገፋ አድርገው። በዚህ ስቱዲዮ በተሠራ ፊልም ውስጥ አፉን ዘግቶ የሞተ ሰው የለም።

«ሌላ ደግሞ ልንገርህ» አለች ተርጓሚዋ፣ ወደ መስታወቱ ተጠግታ። «ሦስቱንም አየናቸው አይደል? ምስክሩ ጥግ ይዞ ያለቅሳል። ዳኛው ወረቀቱን ይሰበስባል። ዐቃቤ ሕጉ በጓሮ በር ይወጣል። "በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ" የሚል አንድ ሰው የለም። ሦስት ሙሉ ፊልም፣ አንድ ሰው እንኳ!»

መቀስ በዚህ ጊዜ አልሳቀም። መስታወቱን አሻግሮ ሲያያት ዓይኑ ውስጥ የሆነ ነገር ነበር፤ እሷም አይታ ቶሎ አቀረቀረች። የምታወራው ስለ ፊልም ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል።

አባቷ የጨርቅ መጋዘን ዕቃ ተረካቢ ነበሩ። አንድ ሌሊት መጋዘኑ ተራገፈ። ዘበኛው ችሎት ቆሞ «በዓይኔ በብረቱ አይቻቸዋለሁ፤ ካፖርታቸውን አውቀዋለሁ» አለ። ከዚያ ወዲያ ካፖርት የለበሰ ሁሉ አባቷ ሆነ። ሰባት ዓመት ታሰሩ። በመጨረሻ እውነተኛው ሌባ በሌላ ስርቆት ተይዞ ይሄንንም ሲያምን፣ በሩ ተከፈተና «ሂዱ» ተባሉ። ተሳስተን ነበር ብሎ ቤታቸውን ያንኳኳ አልነበረም። ሰፈሩም ቢሆን «እሳት ከሌለ ጭስ ከየት ይመጣል?» ማለቱን አልተወም።

እትዬም ወገናቸው ከሰፈሩ ነው። አንድ ቀን ማይኩ መከፈቱን ሳያዩ ለልጃቸው ሲናገሩ፣ ተርጓሚዋ ቀረጻ ክፍሉ ውስጥ ሆና በሄድፎኑ ጥርት ብሎ ሰምታቸዋለች። «ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ አልክድም። ግን ከእስር ቤት ከወጣ ሰው ቤት ምራት ላምጣ? ሰው ምን ይለኛል?» ሄድፎኑን አውልቃ በቦታው አስቀመጠችና ትርጉሟን ቀጠለች። ማታ ግን ትራሷን ያራሰችው ብቻዋን ነው።

አባቷ የተፈቱ ቀን እሷ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች። ፊቷ ተቀምጠው ብዙ ዝም ካሉ በኋላ የተናገሯት የመጀመሪያ ቃል «ጫማሽ ስንት ቁጥር ደረሰ?» የሚል ነበር። ሳይታሰሩ በፊት ጫማ የሚገዙላት እሳቸው ነበሩ፤ እግሯን በመዳፋቸው ለክተው ይሄዱና ልኳን ይዘው ይመጣሉ። የዚያን ቀን አልመለሰችላቸውም። ተነስታ ጓዳ ገባች። ይህን ነገር ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ከአንድ ሰው በስተቀር። ዝናብ ይዟቸው ከመቀስ ጋር በር ሥር የቆሙ ቀን፣ እንዴት እንደሆነ ሳታውቀው ከአፏ ወጣ። መቀስ ያኔ ጃኬቱን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣለላት። ያን ቀን ነው የሷ ነገር ያለቀለት።

በመጨረሻ ሦስተኛው ፊልም ተመረጠ። መቀስ ድንገት ተነስቶ «እሺ፣ ይሁንልሽ» አላት። እንዲህ ቶሎ መሸነፉ አልገባትም፤ ደስታ ግን ጥያቄ አያበዛምና ጽሑፏን ልታሰናዳ ሄደች።

*

ቀረጻው በተጀመረ በሳምንቱ፣ ጣቢያው ዘንድ ጉዳይ ነበራትና አርፍዳ ገባች። ኮሪደሩ ላይ ሳለች የጎርናናውን ድምፅ ሰማች። ጎርናናው የሽማግሌ ድምፅ የሚሠራው ተዋናይ ነው፤ ሲያስነጥስ እንኳ ጎረቤት ይደነግጣል። የተፈታውን ሰው ድምፅ የሚሠራው እሱ ነው።

«እንደገና፣ ቀስ ብለህ» አለው መቀስ።

ጎርናናው ጉሮሮውን ጠረገ። «ጫማሽ ስንት ቁጥር ደረሰ?»

ተርጓሚዋ ክው አለች። ጆሮዋን ማመን አቃታት። ከተረጎመችው ጽሑፍ ውስጥ ይህ ቃል የለም፤ እዚያ ቦታ ላይ ሰውየው ዝም ነው የሚለው። ዝምታው ረዝሟል፣ ተሞልቷል። የተሞላው ደግሞ በሷ ገመና ነው!

በሩን በርግዳ ገባች።

«አቁሙ! አቁሙ ነው የምለው!»

ጎርናናው ከማይኩ ወደ ኋላ ሸሸ። መቀስ ተነስቶ ወደሷ መጣ። «ስሚኝ፣ አንድ ጊዜ ተረጋጊና...»

«ምን እሰማለሁ? ሰማሁ እኮ! በጆሮዬ ሰማሁ! እኔ ይሄን ነገር ለአንድ ሰው ነው የተናገርኩት። ለአንድ! ያ ሰው ደግሞ አንተ ነህ። እናትህ ዝምታ አትወድም ብለህ የአባቴን አፍ ትሸጣለህ? እሁድ ከሰዓት ሰው ሁሉ ብስኩት እየቆረጠመ የሚሰማው ይሄን ነው?»

«አንድ ጥያቄ ጠይቂኝ። ለምን፣ እንዴት፣ ከየት፣ የፈለግሽውን። አንድ ብቻ።»

«ጥያቄ የለኝም። ጨርሻለሁ።»

«ቃል ባልገባ ኖሮ...»

«ቃል? አንተ ደግሞ ስለ ቃል ታወራለህ?»

መቀስ አቀረቀረ። ፊቱ ላይ ያየችው ነገር ሐፍረት መሰላት። ለሷ ይህም ማስረጃ ሆነ፤ የተናደደ ሰው ማስረጃ መች ያጣል? ጩኸቱን ሰምተው እትዬ በሩ ላይ ብቅ አሉ። «ምን ጉድ ነው? ምን መጣ?»

«ዝምታዎ ተሞልቶልዎታል፣ እትዬ! እንኳን ደስ ያለዎት!» አለችና ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

መንገዱን በእግሯ ነው የገፋችው። ስልኳ ይጠራል፤ ታያለች፤ እሱ ነው፤ ትዘጋለች። መልሶ ይጠራል። በመጨረሻ ጭራሽ አጠፋችው። ሰው አምኖህ ሆዱን ሲሰጥህ እንዲህ ይደረጋል? ከሁሉም አንጀቷን ያሳረራት፣ አሁንም በዝናቡ ቀን የጣለላት ጃኬት ትከሻዋ ላይ ያለ መምሰሉ ነው። ጠልታው ቢሆን በቀለላት። አልጠላችውም፤ እዚያው መሐል መንገድ ላይ እንባዋ ግጥም አለ።

*

አባቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው የሸሚዝ ቁልፍ ይተክላሉ። በጊዜ መምጣቷን አይተው መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰኩት። ተርጓሚዋ ቦርሳዋን ሳታወርድ፣ ቆማ፣ ነገሩን ሁሉ ዘረገፈችው። ስለ ዝናቡ ነገረቻቸው፣ ስለ ፊልሙ፣ ስለ ጎርናናው። የአባቷን ቃል ለሰው መናገሯንም አመነች። እሳቸው እስክትጨርስ አላቋረጧትም፤ ሰው ሲናገር አያቋርጡም።

«ጠየቅሽው?» አሏት ስትጨርስ።

«ምኑን?»

«ከየት እንዳመጣው።»

«ምን ይጠየቃል፣ አባዬ? ነገሩ የፈጠጠ እኮ ነው! ለሱ ብቻ ነው የነገርኩት፤ ሌላ የሚያውቅ የለም!»

«ያን ቀን እዚህ ቤት ውስጥ ስንት ሰው ነበር?»

ቀስ ብላ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች።

«እኔ ነኝ የነገርኩት» አሉ አባቷ። «ልጁ እዚህ ይመጣ ነበር፣ አንቺ ሥራ ላይ ስትሆኚ። መጀመሪያ የመጣው አንቺን ሊጠይቀኝ ነው። እናቴ ብትቆጣም እኔ ቆርጫለሁ፣ እርስዎ ግን ምን ይላሉ አለኝ። ቆይ፣ አልኩት። ልጄ ማታ ማታ እራት ላይ ስለ ሦስት ፊልም ትበሳጫለች፤ እስቲ መጀመሪያ እነሱን አምጣልኝ አልኩት።»

«ፊልሞቹን... አንተ አየሃቸው?»

«ሦስቱንም! አትንገራት ብዬ ቃል ያስገባሁትም እኔ ነኝ። ችሎት በታየ ቁጥር ሮጠሽ ቴሌቪዥን የምታጠፊ አንቺ፣ ብትሰሚ ታስቆሚኝ የለ? ልጄ፣ እኔ እኮ ኖሬበታለሁ፤ ሥዕሉ ምን ያደርገኛል?» በረዥሙ ተነፈሱ። «የመጀመሪያው ላይ ጠበቃው ሲጮህ ሳቄ መጣ። የኔ ጠበቃ ያዛጋ ነበር። ሁለተኛውስ መኪና ነው፤ ራሴን አመመኝ። ሦስተኛው ደህና ነበር። ግን ሰውየው ቤቱ ይገባና ልጁ ፊት ዝም! አናደደኝ፣ እውነቴን ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ስለ ልጁ ሲያስብ የኖረ ሰው እንዴት ዝም ይላል? አንድ ነገር በላት እንጂ እያልኩ ከሳጥኑ ጋር ተጣላሁ። አብሮኝ የሚያየው ልጅ "እርስዎ ምን አሏት?" አለኝ። ነገርኩት። ካንቺ መስማቱን እንኳ አልነገረኝም፤ አንገቱን ደፋ። ይሄን ቃል ለዚያ ሰውዬ ስጡልኝ ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን፣ አባዬ? ለምን ለማያውቁን ሰዎች?»

«ምናልባት በዚያኛው ቤት ልጅቱ ትመልስለት ይሆናል ብዬ።»

ተርጓሚዋ ወንበር ሳትፈልግ ወለሉ ላይ፣ እግራቸው ሥር ተቀመጠች። ስንት ዓመት ደብቃ የያዘችው ነገር ነበር፤ ዛሬ ግን አልያዝ አላት።

«ያኔ ያልመለስኩልህ አፍሬ አይደለም። ሰፈሩ ሁሉ ሲያወራ፣ ትምህርት ቤት ሲያወራ... እኔም አምኜ ነበር፣ አባዬ። ትንሽ አምኜ ነበር።»

«አውቃለሁ» አሉ አባቷ። «ለዚህ ነው ደግሜ ያልጠየቅሁሽ።»

እጃቸውን ጭንቅላቷ ላይ ጣሉት። እዚያው ሆና፣ «ሠላሳ ስምንት» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ቁጥሬ። ሠላሳ ስምንት ነው።»

አባቷ ጎንበስ ብለው እግሯን አዩ፤ መዳፋቸውን ዘርግተው ከጫማዋ ጎን ያዙ። ጫማው መዳፋቸውን አልፎ ሄዷል። «ወይ ጉድ» አሉ፣ ፈገግ ብለው። «አንድ መዳፍ አይበቃሽም በይኛ።»

ሁለቱም ሳቁ፤ ሁለቱም አለቀሱ። ቆይተው አባቷ ትከሻዋን ገፋ አደረጓት። «ተነሽ አሁን። ለዚያ ልጅ ያደረግሽው ልክ አይደለም። እኔን ችሎት ላይ ማንም በቅጡ አልጠየቀኝም፤ ሁሉም እርግጠኛ ነበሩ።»

*

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ተርጓሚዋ የረገጠችውን መንገድ መልሳ ስትረግጠው፣ እያንዳንዱ ቃሏ ጥግ ጥጉ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። «ጥያቄ የለኝም፤ ጨርሻለሁ» ያለችው እሷ ናት? እሷ፣ የዘበኛውን ምስክርነት ስትረግም ያደገችው? በራሷ ላይ እንዲህ ተበሳጭታ አታውቅም።

ስቱዲዮው ጸጥ ብሏል። ጎርናናው ሄዷል። በመስታወቱ በኩል መቀስ ብቻውን ይታያል፤ ፊቱ ላይ የስክሪኑ ብርሃን አለ። ያን ቦታ ደጋግሞ እያጫወተ ነው። ሰውየው ይገባል፤ ልጁ ፊት ይቀመጣል፤ ሻዩ ይቀዘቅዛል። ቃሉ የለም። ከፍቷታል ብሎ ቆርጦ አውጥቶታል።

ቀረጻ ክፍሉ ገብታ ሄድፎኑን አጥልቃ ማይኩ ፊት ቆመች። መቀስ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ዓይኑ ቀልቷል። ጣቱን ሰድዶ ማይኩን ከፈተላት። ከኋላው፣ ጨለም ያለው ጥግ ላይ ሶፋው ውስጥ የተቀመጠ ሰው እንዳለ አላየችም።

«የአባዬን ቃል መልሰው» አለች። ድምፅዋ የራሷ አልመስልሽ አላት። «ያንተ አይደለም፣ የኔም አይደለም፤ የሱ ነው። ለምን አወጣኸው?»

መቀስ ምስሉን ባለበት አቆመው።

«ጠይቂኝ ስትለኝ አልጠየቅሁህም። ስትለምነኝ አልሰማሁህም። አንድ ሰሞን ሙሉ፣ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው የለም እያልኩ በሦስት ፊልም ጆሮህን አደነቆርኩህ። እኔ...» ሰበብ አፏ ላይ መጣ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎርናናው፣ ስለ ተከፈተው ማይክ። ዋጠችው። «በድዬሃለሁ። ሳልጠይቅህ ፈርጄብሃለሁ። ይቅር በለኝ።»

መቀስ የመናገሪያውን ቁልፍ ተጫነ። ትንፋሹ ብቻ በሄድፎኑ መጣላት፤ ሁልጊዜ እየቆረጠ የሚጥለው ትንፋሽ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቆርጠው ሰማችው።

ያኔ ነው ሶፋው ላይ የተቀመጡት ሰው የተነሱት። እትዬ ናቸው። ሁሉን ሰምተዋል። እትዬ ወደ ስክሪኑ ቀረቡ። እዚያ ውስጥ አንድ አባት ልጁ ፊት ተቀምጦ የሚለው ጠፍቶታል። እዚህ ውስጥ ልጃቸው ጣቱን ቁልፉ ላይ እንዳደረገ እንባውን መዋጥ አቅቶታል። ከመስታወቱ ወዲያ፣ ከእስር ቤት ከወጣ ሰው ቤት የመጣችው ልጅ ፊቷን ሳትጠርግ ቆማለች። ዝምታው ረዘመ። ካለወትሮው ረዘመ። በዚያ ቤት የሚሠራ ሁሉ ቀጥሎ የሚመጣውን ትእዛዝ ያውቀዋልና፣ መቀስ ፈርቶ ወደ እናቱ ዞረ።

እትዬ እጃቸውን የልጃቸው ትከሻ ላይ አሳረፉ።

«ተዉት» አሉ፣ ድምፃቸው እየሰለለ። «አትሙሉት።»